የታሸገ ለውዝ በዌብሳይት ለመሸጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባቢሌን ለውዝ ቆልቶ፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅቶ ወይም ሐልዋ ቆራርጦ የሚያሽግ ሰው ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሞልቷል። ዕቃው መጀመሪያ ለጎረቤት ይሸጣል፣ ቀጥሎ ለሰፈር ሱቅ ይሰጣል፣ ከዚያ ድሬዳዋ ያለው ቀፊራ ገበያ ይገባል። ሲለምድለት «ዌብሳይት ላሠራ» ይላል ባለቤቱ። ችግሩ፣ ስለ ዌብሳይት በየቦታው የሚወራው ነገር አብዛኛው ሌላ አገር ላለ ገዢ የታሰበ መሆኑ ነው። በምሳሌነት የምይዘው ባለ 100 ግራም የተቆላ ለውዝ ነው፤ ለቆሎም ለሐልዋም ብዙ አይለይም።

«ዋናው ማማሩ ነው»

ማማሩን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ገዢው ገጹን የሚከፍተው በስልኩ ነው፣ ዳታውም ከኪሱ ነው። በዘመናዊ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይሆናል። ስድስት እንዲህ ያለ ፎቶ የተደረደረበት ገጽ እስኪከፈት ሰውየው ወደ ቲክቶክ ተመልሷል። ፎቶው ወደ ዌብፒ (ፎቶን አሳንሶ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ተቀይሮ ከ200 ኪሎባይት በታች ቢወርድ ዓይን ልዩነቱን አይለይም። ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ የማሸጊያው ፊት፣ የጀርባው ጽሑፍ እንዲነበብ ተጠግቶ የተነሳ፣ እና ሳህን ላይ የፈሰሰው ለውዝ ራሱ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ገዢው ግን የሚበላውን ማየት ነው የሚፈልገው።

የፊደሉ ነገርም አለ። ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ቢሮ ውስጥ ያምራል፤ የድሬ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ግን ባዶ ገጽ ነው። የግእዝ ፊደል ከላቲኑ የበለጠ ጥቅጥቅ ስለሚል መጠኑም በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተትም ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ጥሩ ፎንት ነው። ዋጋና ስም ምስል ላይ ብቻ ተጽፎ አይቅር፤ በጽሑፍ ካልተቀመጠ ጎግል ላይ መገኘቱ ያጠራጥራል። አዲስ አበባ ያለ ሰው «ኦቾሎኒ» ብሎ ስለሚፈልግ ሁለቱም ስም ገጹ ላይ ይግባ።

«ቴምፕሌት ገዝቶ ስሙን መቀየር ይበቃል»

ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የዌብሳይት ንድፍ፣ መጠቀም ነውር የለውም፤ ለመጀመሪያ ዌብሳይት እኔም የምመክረው እሱን ነው። ነገር ግን ስምና ቀለም ተቀይሮ የማዘዣ ቅጹ እንዳለ ከቀረ ሽያጩ እዚያ ላይ ይሞታል። ቅጹ ዚፕ ኮድ (የውጭ አገር የፖስታ ቁጥር) ካልሞላህ አላልፍም ይላል። የመንገድ ስም ይጠይቃል። በ07 የሚጀምር ስልክ «ስህተት ነው» ይላል። የቤተሰብ ስም ይላል፣ የኛ ሰው ግን የአባቱን ስም ነው የሚጽፈው። ድሬዳዋ ከዚራ ያለ ገዢ አድራሻው «ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት» ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖረው ደግሞ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ስለሆነ «ሸዋ በር ላይ እንገናኝ» ይላል። ስለዚህ አራት ሳጥን ይበቃል፦ ስም፣ ስልክ፣ ከተማና ሰፈር፣ አቅራቢያው ያለ የታወቀ ቦታ። የቀረው ሁሉ ይሰረዝ።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «9 ሰዓት ይከፈታል» የሚል ገጽ ለኛ ከቀትር በኋላ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ድሬ ላይ ብዙ ሱቅ በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የማብቂያው ቀን ነው። ማሸጊያው ላይ «05/2018» ብቻ ታትሟል እንበል። ለኛ ጥር 2018 ዓ.ም. ነው። ለልጆቿ ለመላክ ያሰበች ውጭ አገር ያለች እህት ግን «ሜይ 2018፣ ዓመታት ያለፈበት» ብላ ታነበዋለች። ፎቶውን ዌብሳይቱ ላይ ሲለጥፉት ደግሞ ስህተቱ ዓለም ሁሉ ጋ ይደርሳል። ወሩን በስም ጽፎ ሁለቱንም አቆጣጠር ማስቀመጥ ነው መፍትሔው፦ «ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 28፣ 2026 እ.ኤ.አ.»።

«እንግሊዝኛ ካልሆነ ትልቅ ድርጅት አይመስልም»

የሚገዛው ሰው ሳይገባው «ትልቅ» መምሰል ምን ይጠቅማል? አማርኛ ይቅደም። ዕቃው ወደ ሐረርጌ ገጠር ከተሞችና ወደ ሶማሌ ክልል የሚሄድ ከሆነ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ይከተሉ፤ ሁለቱም በላቲን ስለሚጻፉ ዲዛይኑ ሁለቱንም ዓይነት ፊደል መቻል አለበት። አራት ቋንቋ ጀምሮ አራቱንም በግማሽ ከመተው በሁለት መጀመር ይበጃል። የይዘቱን ዝርዝር ግን በማሽን ትርጉም አታስቀምጡ።

«የካርድ ክፍያ ከሌለው ኦንላይን ሽያጭ አይባልም»

ስትራይፕ የሚባለው የውጭ የካርድ ክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት አይከፍትም፤ ይኼን ሳያውቁ ካርድ መቀበያ ሠርቶ መጠበቅ ገንዘብ ማባከን ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ኤምፔሳም መጥቷል፣ እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ መክፈያዎች ከዌብሳይት ጋር ይያያዛሉ። ትእዛዙ በቀን አምስትና ስድስት በሆነበት ጊዜ እነሱም ላያስፈልጉ ይችላሉ፦ ገዢው ቅጹን ይሞላል፣ በቴሌብር ይልካል፣ እናንተ ደውላችሁ ታረጋግጣላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ለሆነ ሰው ሲረከብ መክፈልም ይሠራል። «ከፍያለሁ» ብሎ የሚላክ ስክሪንሹት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ሐሰተኛው በቀላሉ ይሠራል። ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ሳታዩ ዕቃ አይውጣ።

«ጣዕሙ ይናገራል፣ ስለ ይዘቱ መጻፍ አያስፈልግም»

ገዢው በስክሪን አይቀምስም። ለውዝ ደግሞ በዓለም ላይ ከታወቁት አለርጂ አምጪ ምግቦች አንዱ ነው፤ ለአንዳንድ ሰው ሕይወት እስከማስጠፋት ይደርሳል። «ለውዝ አለው» የሚለው በጉልህ ይጻፍ። በዚያው ቆሎም የሚያሽግ ከሆነ፣ ቆሎው ገጽ ላይም «ለውዝ በሚዘጋጅበት ቦታ የተዘጋጀ» ይባል። የተጣራ ክብደት፣ ጨውና ዘይት መጨመሩ፣ የተመረተበት ቀን፣ የአምራቹ ስልክ ይከተላሉ። የምግብ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚመራ ነው፤ ፈቃዱ እጃችሁ ላይ ካለ ቁጥሩን ገጹ ላይ ማኖር ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። «ስኳር ያወርዳል»፣ «ደም ግፊት ያድናል» የሚል ግን አይጻፍ።

ለውዝ እርጥበት ሲያገኝ በሻጋታ ምክንያት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይይዛል፤ መቁላት ይቀንሰዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ የተጨማደደውንና የሻገተውን እየለቀማችሁ የምትጥሉ ከሆነ ያንን አንድ አንቀጽ አድርጋችሁ ጻፉት፣ የመልቀሚያውን ፎቶም ጨምሩ። «ጥራቱን የጠበቀ» ከሚለው ባዶ ቃል ይህ ይሻላል። ሙቀት የለውዝን ዘይት ስለሚያበላሽ «ከፀሐይ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ» የሚልም አይቅር።

«ባለሙያው ሠርቶ ካስረከበኝ አለቀ»

የዶሜኑ ስም፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሠሪው በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል፤ ተንኮል ላይኖረው ይችላል፣ ሲቀልለት ነው። ሰውየው አገር ሲለቅ ወይም ስትጣሉ ግን ማሸጊያው ላይ ያሳተማችሁት አድራሻ የእናንተ አይሆንም። ምዝገባው በእናንተ ኢሜይልና ስልክ ይሁን፣ የሚታደስበት ቀን የት እንደሚጻፍ ይታወቅ፤ ካልታደሰ ስሙን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። አገልግሎቱ በዶላር የሚከፈል ከሆነ ክፍያውን ማን እንደሚፈጽም ከወዲሁ ተነጋገሩ። ኤስኤስኤል (በገዢውና በገጹ መካከል የሚተላለፈውን የሚያመሰጥር ሰርተፊኬት) ብሎ ትልቅ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ደግሞ፣ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባለው አገልግሎት በነፃ እንደሚሰጥ ንገሩት።

«ቴሌግራም ቻናል ካለኝ ዌብሳይት አያስፈልገኝም»

ይኼኛው አንዳንዴ እውነት ነው። የምታመርቱትን ሁሉ ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያንና መጋላ ያሉ ሱቆች የሚጨርሱት ከሆነ ገንዘባችሁን ማሸጊያው ላይ አውሉት።

«ትእዛዝ ከመጣ ማድረስ ቀላል ነው»

አንድ ባለ 100 ግራም ከረጢት ወደ አዲስ አበባ ለመላክ የሚከፈለው ከለውዙ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከድሬ ውጭ ለሚያዝ ሰው ነጠላውን አትሽጡለት፤ 12 ወይም 24 ከረጢት የያዘ ካርቶን ይሁን፣ ቅጹም ከዚያ በታች አይቀበል። ሐረር በሚኒባስ በቀኑ ይደርሳል፣ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል። ማስከፈያው፣ የሚፈጀው ቀን፣ እና ገዢው መናኸሪያ ሄዶ ይረከብ እንደሆነ ወይስ ቤቱ ይደርስለት እንደሆነ ከዋጋው ጎን ይጻፍ፤ ከከፈለ በኋላ የሚሰማው መሆን የለበትም።