የኮርስ ማቴሪያሎችን በኦንላይን ማጋራትና ማደራጀት በወሎ ካምፓሶች

በወሎ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የሚያስተምረው ወሎ፣ ወልድያ፣ እንዲሁም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ። ስላይድ፣ ሃንድአውትና ወርክሺት ለረጅም ጊዜ በፍላሽና በኮፒ ቤት ሲዘዋወር ኖሯል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ የኦንላይን መንገድ ግድ ሆነ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረትም ተዘረፈ። በቢሮ ኮምፒውተር ብቻ የተቀመጠ ፋይል ከኮምፒውተሩ ጋር ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ሁሉ በኋላ ማስተማሩን ቀጥሏል።

ለኮርስ አደረጃጀት የሚመረጠው ሙድል የተባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ሲሆን የመጀመሪያ እትሙ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጣ። ኮርሱን በሳምንት ሳይሆን በምዕራፍ መከፋፈል ይሻላል፤ የትምህርት ካላንደሩ በተገፋ ቁጥር የሳምንቱ ቅደም ተከተል ይፋለሳልና። የመመዝገቢያ ቁልፉ፣ ማለትም ወደ ኮርሱ የሚያስገባው የይለፍ ቃል፣ በክፍል ተጠሪው በኩል ይሰራጫል። ስላይድ ሲታረም አዲስ ፋይል ከመጨመር በነበረው ላይ መተካት ነው፤ አለዚያ ግማሹ ክፍል አሮጌውን ይዞ ሚድ ፈተና ይገባል።

ፋይል አልጫን ሲል ጥፋቱ የግድ የኔትወርክ አይደለም። ሙድል የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒ፣ ቅንብሩ ካልተነካ ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የአይሲቲ ባለሙያው ይህን ብቻ ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ የሚላከውን ጠቅላላ መጠን ጣሪያ ከረሳ ደግሞ 8 ሜጋባይት ላይ እንደገና ይቆማል። የሰሌዳ ፎቶ አንዱ ብቻ 3 እና 4 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ በስልክ ስካነር ጥቁርና ነጭ ፒዲኤፍ ማድረግ የተማሪውንም ዳታ ያተርፋል።

የአማርኛ ሰነድ የራሱ ጣጣ አለው። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው፣ ፎንቱ በሌለበት ስልክ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከመጫኑ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ከተቀየረ ፎንቱ አብሮ ይገባል።

ስም ሲሰጥ «ምዕራፍ 2» ሳይሆን «ምዕራፍ 02» ይባል፤ ያለበለዚያ 10 ከ2 ቀድሞ ሊሰለፍ ይችላል። ዓመቱ ላይም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መጻፍ አለበት። «የ2016 ፋይናል» ብቻ የተባለ ፈተና በ7 ወይም 8 ዓመት የሚራራቁ ሁለት ፈተናዎችን ሊያመለክት ይችላል።

ቴሌግራም ሙድልን ይተካል የሚሉ አሉ። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መቀበሉ እውነት ነው፤ ለማስታወቂያም ፈጣን ነው። ግሩፕ ውስጥ ግን ስላይዱ በወሬ ይዋጣል፤ ለአዲስ ገቢ የቀድሞ መልእክት እንዲታይ ካልተፈቀደም ዘግይቶ የተመዘገበ ተማሪ ምንም አያገኝም። መምህሩና ተጠሪው ብቻ የሚጽፉበት ቻናል፣ ወደ እያንዳንዱ ፋይል የሚወስድ ማውጫ ከላይ ፒን ተደርጎበት፣ ይህን ያቃልላል። አሳይመንት መቀበያና የውጤት መዝገብ ግን ሙድል ላይ ነው መሆን ያለበት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የኮርሱ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወርዶ ከካምፓስ ውጭም አንድ ቅጂ ይቀመጣል። ለቀጣዩ ባች የሚጫነው ቅጂ ሲዘጋጅ የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችን የሚያካትተው ምልክት መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ያለፈው ባች ስምና ውጤት አዲሱ ኮርስ ውስጥ ሊገባ ይችላል።