ኦድሪ ጄፈርስ፦ ከምገባ ዳስ እስከ ሕግ አውጪ ምክር ቤት

ኦድሪ ጄፈርስ (1898–1968) ትሪኒዳዳዊት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ የሴቶች መብት ተሟጋችና ፖለቲከኛ ነበሩ። በ1936 ለዋና ከተማዋ ለፖርት ኦፍ ስፔን ምክር ቤት በመመረጥ፣ በ1946 ደግሞ ያኔ በካሪቢያን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በትሪኒዳድና ቶቤጎ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በመቀመጥ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ወደ ፖለቲካ የገቡት በወጥ ቤት በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚመሰገኑበትም የሚተቹበትም ነገር ከዚያው ይመነጫል።

የተወለዱት ኑሮው ደኅና ከነበረ የጥቁር ቤተሰብ ነው። በ1913 ገና ታዳጊ ሳሉ ወደ እንግሊዝ ተልከው ማኅበራዊ ሳይንስ ተማሩ። እዚያም የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ኅብረት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆኑ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች መካከል አገልግለዋል፣ መርጃ ገንዘብም አሰባስበውላቸዋል። በ1920 አገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ማኅበረሰብ በቀለምና በሀብት የተደረደረ ነበር። የተማረች ጥቁር ሴት አስተማሪ ልትሆን ትችላለች፤ ነጮቹ የሚሰበሰቡበት ክበብ ግን ደጁ አይከፈትላትም።

በ1921 «ኮተሪ ኦፍ ሶሻል ወርከርስ» (የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ክበብ)፣ ባጭሩ ኮተሪ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። አባላቱ በአብዛኛው ጥቁርና ክልስ የሆኑ፣ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ስሙን ያስጠራው ሥራ በ1926 ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ የተከፈተው የምገባ ዳስ ነው። ባዶ ሆዳቸውን ትምህርት ቤት የሚውሉ ድሃ ልጆች እዚያ ትኩስ ምግብ ያገኙ ጀመር፤ ውሎ አድሮም ተመሳሳይ ዳሶች በሌሎች ከተሞችና በቶቤጎ ተከፈቱ። መንግሥት የተማሪ ምገባን እንደ ግዴታው ባልቆጠረበት ዘመን ሴቶች በመዋጮ የያዙት ሥራ ነው። ማኅበሩ በዚህ ሳይወሰን ለዓይነ ሥውራን ሴት ልጆች መኖሪያ፣ ለሠራተኛ ሴቶች ማደሪያ፣ እናቶች ሥራ ሲውሉ ለሚቀሩ ሕፃናት ደግሞ ማዋያ አቋቁሟል። «ብሬክፋስት ሼድ» (የቁርስ ዳስ) የሚለው የዳሶቹ ስም እስከ ዛሬ በከተማዋ ወደብ ዳርቻ ባለ ታዋቂ የምግብ ቦታ ይጠራል፤ በሴቶች ማኅበር የሚተዳደር ሲሆን የዓሣ ወጥና ከጎደሬ ቅጠል፣ ከባሚያና ከኮኮናት ወተት የሚሠራው ካላሉ ይሸጥበታል።

የምርጫው ነገር እንዲህ ነበር። ትሪኒዳድ ለሕግ አውጪ ምክር ቤት የመጀመሪያውን ምርጫ ያካሄደችው በ1925 ሲሆን መምረጥ የሚችለው ንብረት ወይም ገቢ ያለው ብቻ ነው። ወንድ 21 ዓመት ሲሞላው ይመርጣል፤ ሴት እስከ 30 ድረስ ትጠብቃለች። የተመዘገበው መራጭ ከሕዝቡ 6 በመቶ ገደማ ነበር። ሴት ድምፅ መስጠት ብትችልም ወንበሩ ላይ መቀመጥ ግን አልተፈቀደላትም። የከተማውም ምክር ቤት ለወንዶች ብቻ ነበር። ኮተሪና እንደ ቢያትሪስ ግሬግ ያሉ ሴቶች ይህን ለማስለወጥ ለዓመታት ተከራክረዋል፤ በሩ ሲከፈትም በ1936 ጄፈርስ ተወዳድረው አሸነፉ። በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶችና ከብሪቲሽ ጋያና የመጡ ሴት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞችን ፖርት ኦፍ ስፔን ላይ ሰብስበው ጉባኤ አካሂደዋል። ደሴቶቹ በየፊናቸው ለለንደን በሚገዙበት ጊዜ ይህን ያህል ሴት ከየአገሩ አንድ አዳራሽ ማገናኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያው ከተማ ግን ሌላ መንገድ የያዘች ሴት ነበረች። ኤልማ ፍራንስዋ በ1919 ከሴንት ቪንሰንት ደሴት መጥታ በቤት ሠራተኛነት የምትተዳደር፣ ማታ ማታ አደባባይ ወጥታ ሥራ አጦችን የምታነቃ ተናጋሪ ነበረች። እሷና ጓዶቿ ያቋቋሙት የጥቁሮች ደኅንነት፣ የባህልና የማኅበራዊ ጉዳይ ማኅበር በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ትሪኒዳድ ላይ የተቃውሞ ስብሰባዎችን ከመሩት አንዱ ነው። የሴቶች ክንፍ የሚባል አልነበረውም፤ ወንዱም ሴቱም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይከራከር የሚል አቋም ነበራቸውና። የነዳጅ ሠራተኞች በ1937 ከተነሡ በኋላ ፍራንስዋ በአመፅ ቅስቀሳ ተከሳ በ1938 ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ራሷ ተከራክራ በነፃ ወጣች።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩዋቸው የኮተሪ ድክመት ይታያል። ዳሱ የተራበውን ልጅ ያበላል፤ አባቱ ለምን በቂ ደመወዝ እንደማያገኝ ግን አይጠይቅም። ማደሪያዎቹም ለሠራተኛዋ መጠለያ ሲሰጡ «ጨዋ ሴት እንዲህ ናት» የሚል ትምህርት ጨምረው ነው። በ1946 አዋቂ ሁሉ ያለ ንብረት መስፈርት ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ ሲካሄድ፣ ጄፈርስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የገቡት በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በገዢው ሹመት መሆኑም የሚገርም ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ በዚያ ምክር ቤት ከሴቶች ቀድመው የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ከፖርት ኦፍ ስፔን ወደ ምዕራብ የሚወስደው አውራ ጎዳና በስማቸው ተሰይሟል።

በሕዝብ ድምፅ የሚገኘው የፓርላማ ወንበር ለሴት የመጣው ከዚያ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የዶክተር ኤሪክ ዊልያምስ ፓርቲ ሕዝባዊ ብሔራዊ ንቅናቄ በ1956 ሲመሠረት በየመንደሩ መራጭ ያደራጁት በብዛት ሴቶች ሲሆኑ፣ ከመሪዎቻቸው አንዷ ኢዛቤል ቴሺያ ነበሩ። ቴሺያ በ1961 የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፣ ቀጥሎም የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆኑ። በ1970 ደግሞ አምባሳደር ተብለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ትሪኒዳድና ቶቤጎ በአምባሳደርነት የላከቻቸው የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። እስከ 1974 በኢትዮጵያ አገልግለው ወደ ጋያና ተዛወሩ።