የአንጀትና የአንጎል ትስስር ምንድን ነው?

ትንሽ ነገር የሚያስከፋውን ልጅ ሆደ ባሻ እንለዋለን። እኛም ስናዝን ሆድ ይብሰናል፣ ሲጨንቀን ሆዳችንን ባር ባር ይለናል። ስሜትን ሆድ ውስጥ ያስቀመጠው ቋንቋችን ብዙም አልተሳሳተም። አንጀትና አንጎል ሌት ተቀን መልእክት ይለዋወጣሉ፤ የአንጀትና የአንጎል ትስስር የሚባለውም ይኸው ነው።

ዋናው መስመር ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ግርጌ ተነስቶ በአንገትና በደረት አልፎ ሆድ ይደርሳል። ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ወሬ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው። የአንጀት ግድግዳ ራሱ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች አሉት። ሆርሞኖችና አንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም የየራሳቸውን መልእክት ይጨምራሉ።

ከስሜት ጋር ስለሚያያዘው መልእክት አድራሽ ኬሚካል፣ ስለ ሴሮቶኒን፣ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ሴሮቶኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር አያልፍም፤ ሥራው በአብዛኛው እዚያው የአንጀትን እንቅስቃሴ መምራት ነው። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን ራሱ ይሠራል፣ ጥሬ ዕቃው ትሪፕቶፋን ደግሞ ከምግብ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩን እየጠቀሰ የልጃችሁን ጠባይ አስተካክላለሁ የሚል ዱቄት ሲያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ትስስሩን በዓይን ማየት የፈለገ ሆድ ድርቀት ያለበትን የ4 ዓመት ልጅ ይመልከት። ጨዋታውን ድንገት ያቆማል፣ ጥግ ይይዛል፣ እግሮቹን አጣምሮ በጣቶቹ ይቆማል፣ ያልበዋል። ወላጅ እያማጠ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን እየያዘው ነው፣ ባለፈው አሞታላ! የተያዘው ሰገራ ይደርቃል፣ አንጀቱ ይለጠጣል። ምግብ ይዘጋዋል፣ በሆነው ባልሆነው ይነጫነጫል። ቆይቶ ልብሱ ላይ ያመልጠዋል፣ ያውም ሳይታወቀው። በዚህ የሚገረፍ ልጅ አንጀቴን ይበላዋል፤ የሚያስፈልገው ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒትና ከምግብ በኋላ ያለ ጥድፊያ ሽንት ቤት የሚቀመጥበት ሰዓት ነው።

መልእክቱ ከላይ ወደ ታችም ይወርዳል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሊሄድ ሲል እምብርቱን ይዞ «ሆዴን!» የሚል፣ ተመርምሮ ግን ምንም ያልተገኘበት ልጅ እየዋሸ አይደለም። ጭንቀት የአንጀትን እንቅስቃሴ ይለውጣል፣ ነርቮቹንም ቶሎ የሚታመሙ ያደርጋቸዋል። ሕመሙን ደጋግሞ ከመጠየቅ ክፍል ውስጥ ምን እንደገጠመው ረጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ባክቴሪያዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የጃፓን ጥናት፣ ያለ ምንም ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ሲጨነቁ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚያሻቅብ አሳየ። በልጅነታቸው አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ልዩነቱ ጠፋ። ትልቅ ግኝት ነው፤ አይጥና ልጅ ግን ለየቅል ናቸው። በ2021 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የሚታየው የባክቴሪያ ልዩነት በአብዛኛው ምግብ ከመምረጣቸው የመጣ መሆኑን ጠቁሟል። ኦቲዝምን አንጀት በማጽዳት እናድናለን የሚሉትን አትመኑ፤ ልጁን ይጎዱታል።

የልጁ የሆድ ሕመም ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ ግን የጭንቀት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።