ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ዶሮዋስ?

ባለፈው ታክሲ ውስጥ አንድ የስፖርት ተንታኝ በሬዲዮ ስለ ስፔናዊው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ዣቢ አሎንሶ ሲያወራ ሰማሁ። «ሰውዬው አልቸኮለም። ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ጊዜው ሲደርስ ዋንጫው ራሱ መጣለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገሬ ሰው» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ተናደድኩ።

የአባባሉን ትርጉም ሕፃንም ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ያናደደችኝ «ዝም ብሎ ተቀመጠ» የምትለዋ ናት። እንዲህ የሚል ሰው ዶሮ ስትታቀፍ አላየም።

እኛ ቤት ዶሮ ማስታቀፍ የአያቴ ሥራ ነበር። ወቅቱ ይመረጣል። ክረምት ላይ አታስታቅፍም፤ ጫጩት በዝናብና በብርድ ያልቃል። አዝመራው ገብቶ አውድማው ላይ ጥሬ ሲተርፍ ነው ደጉ ጊዜ። ቀጥሎ ዶሮዋ ትመረጣለች፦ ገላዋ ሰፋ ያለ፣ ባለፈው ጫጩቶቿን ከጭልፊት አድና ያሳደገች። ያለጊዜዋ ካልታቀፍኩ የምትለዋ ደግሞ እግሯ ታስሮ ጎረቤት ትላካለች። ሁለት ሦስት ቀን ሰው ቤት ሰንብታ ሐሳቧን ቀይራ ትመጣለች።

እንቁላሉም እንዲሁ አይሰበሰብም። አያቴ በር ላይ ወጥታ አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ ታየዋለች፣ ጆሮዋ ሥር ነቅነቅ ታደርገዋለች። የተሰነጠቀውና የሰነበተው ለወጥ ይሄዳል። የተመረጠው የጤፍ ጭድ በተነጠፈበት አሮጌ እንቅብ ውስጥ ሆኖ ጓዳ ይገባል፣ ጨለም ካለው ጥግ። እኛ ልጆች እዚያ ዝር ካልን ወዮልን።

ከዚያ 21 ቀን ነው። ዶሮዋ በቀን አንዴ ብድግ ትላለች፤ ጥሬዋን ለቃቅማ፣ ውሃዋን ጎንጨት አድርጋ፣ በሩጫ ትመለሳለች። እንቁላሉን በመንቁሯ እየገፋች ታገላብጠዋለች፦ የዳሩን ወደ መሃል፣ የመሃሉን ወደ ዳር። ካላገላበጠችው ውስጡ ያለው ጫጩት ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ትከሳለች። ሰው ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትነክሳለች። «ዝም ብሎ መቀመጥ» የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

አባባሉን ማን ፈጠረው ካላችሁኝ፣ ሴት ናት እላለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። የድሮ ወንድ ጓዳ ገብቶ እንቅብ አይፈትሽም። የእንቁላል ሳንቲምም የእናት ነበረች፤ ጨውና በርበሬ የሚገዛው በእሷ ነው። እንደኔ እንደኔ ነገሩ የተጀመረው ለሚነዘንዝ ልጅ ከተሰጠ መልስ ነው። ልጁ ጥበሽልኝ ይላል። ባል ደግሞ ገበያ ይሂድና ይሸጥ ይላል። እሷ፦ ዛሬ በሰው እጅ ተይዞ ከሚሄድ ተዉት፣ ቆይቶ በራሱ እግር ይሄዳል። ጫጩት ሆኖ፣ ቄብ ሆኖ፣ ብዙ እጥፍ አውጥቶ። ስለዚህ አባባሉ ሲወለድ እጅ ላይ ያለን ጥቅም ስለመተው ነበር ባይ ነኝ። ትዕግሥቱ በኋላ የመጣ ነው።

በዚህ ከሄድን አሎንሶን ልክክ ይልበታል፤ ተንታኙ ባለው መንገድ ግን አይደለም።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2017 ከባየርን ሙኒክ ጋር ጫማውን ሲሰቅል የዓለም ዋንጫና ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ አለው። ሻምፒየንስ ሊግን ከሊቨርፑልም ከሪያል ማድሪድም ጋር አንስቷል። በ2005ቱ የኢስታንቡል ፍጻሜ የሚላኑ በረኛ ዲዳ ፍፁም ቅጣት ምቱን መልሶበት ራሱ ደርሶ ያገባትን ጎል የሊቨርፑል ደጋፊ ዛሬም እንደ ትናንት ያወራታል። ያሠለጠኑት እነ ቤኒቴዝ፣ ሞሪንሆ፣ አንቼሎቲና ጋርዲዮላ ናቸው። ትልቅ ክለብ ስጡኝ ቢል ማን እምቢ ይለው ነበር?

እሱ ግን የሪያል ማድሪድን ከ14 ዓመት በታች ልጆች ያዘ። በ2019 ወደ ሳን ሴባስቲያን ተመልሶ የሪያል ሶሲዳድን ሁለተኛ ቡድን ተረከበ። ሦስት ዓመት እዚያ፣ ካሜራ በማይበዛበት። በ2021 ቡድኑን ወደ ስፔን ሁለተኛ ዲቪዚዮን አሳደገው፤ ከ1962 ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም ነበር። በዓመቱ ተመልሶ ወረደ። ይሄን መውረድ ተንታኞቻችን አያነሱትም። አያቴን ግን አይገርማትም ነበር፤ ከታቀፈው መሃል ግም አይጠፋም።

በኦክቶበር 2022 የጀርመኑ ባየር ሌቨርኩሰን ሲጠራው ክለቡ በስምንት ጨዋታ አምስት ነጥብ ይዞ ከመጨረሻው ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሻልከን 4 ለ 0 አሸንፎ ጀመረ። ወዲያው በፖርቶ 3 ለ 0፣ በፍራንክፈርት 5 ለ 1 ተቀጣ። ልምምድ ላይ ራሱ መሃል ገብቶ ቅብብሉን በእግሩ ያሳይ፣ ደግሞ ያስደግም ነበር። ያን ዓመት ስድስተኛ ወጡ። በቀጣዩ 28 አሸንፈው 6 አቻ ወጥተው፣ በሊጉ አንድም ሳይሸነፉ በ90 ነጥብ ዋንጫውን በሉ። ባየርን 11 ዓመት በተከታታይ የያዘው ዋንጫ ነው። ያውም እዚያው መሃል ላይ፣ በማርች 2024፣ ሊቨርፑልና ባየርን ሲፈልጉት አልሄድም ብሏል። ገበያ ይሂድ ያለውን ባል አስታወሳችሁት?

አሁን አሁን ይህ አባባል የሰነፍ መሸሸጊያ ሆኗል። ፋይልህን ጠረጴዛው ላይ አሳድሮ «ቀስ በቀስ ነው እንግዲህ» የሚልህ ሠራተኛ ምኑን አቅፎ ነው? መንገዱን ቆፍሮ የጠፋው ኮንትራክተርስ?

የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ ባሱ። አሠልጣኛቸው አርቴታ የአሎንሶ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ሳን ሴባስቲያን ውስጥ አንቲጉኦኮ በሚባል የታዳጊዎች ክለብ አብረው ተጫውተዋል። በኦገስት 2021 ቡድኑ ሦስት ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንድ ጎል ሳያገባ ግርጌ ሲቀመጥ፣ ሠፈራችን ካለው ጁስ ቤት እስከ ፌስቡክ «ይባረር!» ነበር የሚባለው። ያኔ ስለ እንቁላል የተነፈሰ የለም። ከ2023 እስከ 2025 በተከታታይ ሁለተኛ ሲወጣ ነው ሁሉም የአያቱን ተረት ያስታወሰው። ከመጀመሪያው የታገሣችሁት እንደፈለጋችሁ ተናገሩት። ይባረር ስትሉ የነበራችሁት ግን፣ እባካችሁ፣ ሌላ ተረት ፈልጉ።