የሃንቲንግተን ፕሮቲን ልኬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሃንቲንግተን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። መነሻው ሃንቲንግቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል መበላሸቱ ነው። የተበላሸው ፕሮቲን አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሊለካ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 ታየ። ስለዚህ ልኬት በተለምዶ የሚባሉትን እንያቸው።

«ፕሮቲኑ ሲለካ በሽታው እንዳለብኝ አውቃለሁ።»
ለዚህ የዘረመል ምርመራ አለ፤ ጥቂት ደም ይበቃዋል። የሚቆጠረው ሲ-ኤ-ጂ የተባሉት ፊደላት በዘረመሉ ላይ ስንት ጊዜ እንደተደጋገሙ ነው። እስከ 26 ጤናማ ነው። ከ27 እስከ 35 ያለው ራሱ አይታመምም፣ ቁጥሩ ግን በልጁ ላይ ሊጨምር ይችላል። ከ36 እስከ 39 ያለው ሊታመምም ላይታመምም ይችላል። 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዕድሜ እስከሰጠው ድረስ በሽታው አይቀርለትም። የፕሮቲን ልኬቱ ሥራ ሌላ ነው፦ ፕሮቲኑን እንዲቀንስ የተሰጠ መድኃኒት በእርግጥ መቀነሱን ማየት።

«በማንኛውም ላብራቶሪ በኤሊዛ (በተለመደው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ) ይለካል።»
በፈሳሹ ውስጥ ያለው መጠን ፌምቶሞላር በተባለ እጅግ ጥቃቅን የመጠን መለኪያ የሚቆጠር ነው፤ የፒኮሞላር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ተራ ኤሊዛ እዚያ አይደርስም። የሚያስፈልገው ምልክቶችን አንድ በአንድ የሚቆጥር ስሱ መሣሪያና ሁለት አንቲቦዲ፣ ማለትም የተወሰነ ዒላማ ላይ ብቻ የሚጣበቁ ፕሮቲኖች ነው። 2ቢ7 የፕሮቲኑን መጀመሪያ ጫፍ ይዞ ያስቀራል፤ ኤምደብሊው1 የሲ-ኤ-ጂ ድግግሞሹ በፕሮቲኑ ላይ ያስረዘመው የግሉታሚን ሰንሰለት ላይ ተጣብቆ ምልክት ይሰጣል።

«50 ድግግሞሽ ያለው ሰው የፕሮቲን ልኬቱ 42 ድግግሞሽ ካለው ሰው ከበለጠ፣ ፕሮቲን በዝቶበታል።»
ይህኛው ባለሙያንም ያታልላል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ኤምደብሊው1 የሚይዝበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ እኩል ሞለኪውል የያዙ ሁለት ናሙናዎች የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። የሚያዋጣው ሰውየውን ከራሱ ጋር ማነጻጸር ነው፦ የቀድሞውንና የአሁኑን ናሙና በአንድ ላብራቶሪ፣ ከተቻለም በአንድ ዙር አብሮ መለካት።

«ፈሳሹ ከተቀዳ በኋላ ያለው ቀላል ነው።»
ልኬቱ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። መርፌው ትንሽ የደም ሥር ቢነካ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ፈሳሹ ይገባሉ፤ እነሱም ሃንቲንግቲን የሞላባቸው ናቸው። በዓይን የጠራ የሚመስል ናሙና እንኳ ሊበከል ስለሚችል ሄሞግሎቢኑን መለካት ግድ ነው። የበዛበት ከትንተናው ይወጣል፤ ለመቀዳቱ የተከፈለው ድካም ቢያሳዝንም።

ፈሳሹ የሚቀዳው ጠዋት፣ ሌሊቱን ምግብ ሳይቀመስ ነው፤ በየጉብኝቱም ሰዓቱ አንድ ቢሆን ይመረጣል። ቱቦው ፖሊፕሮፒሊን ይሁን፤ ብርጭቆና ፖሊስታይሪን ፕሮቲን በግድግዳቸው ላይ ያስቀራሉ፣ ቁጥሩም ያለ ምክንያት ይወርዳል። ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በ4 ዲግሪ፣ በ400 እጥፍ የስበት ኃይል ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ይህ ፈሳሹ በረዶ ሆኖ ከመጠንከሩ በፊት መሆን አለበት፤ ሕዋሳቱ አብረው በረዶ ከሆኑ ይፈነዱና የያዙት ሁሉ ይደባለቃል፣ በኋላ ማሽከርከር አያድነውም። በመጨረሻ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል። የሚከፋፈለው እየቀለጠ እየቀዘቀዘ እንዳይመላለስ ነው።

«ፕሮቲኑ ከቀነሰ በሽተኛው ይሻለዋል።»
ሃንቲንግቲንን እንዲቀንስ የተሠራው ቶሚነርሰን የተባለ መድኃኒት በ46 ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ከፍተኛ መጠን የወሰዱት ላይ ፕሮቲኑ 40 በመቶ ያህል ወረደ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም ደስታው ብዙ ነበር። በመጋቢት 2021 ግን ትልቁ ሙከራ መድኃኒቱ እንዳይሰጥ ተደርጎ ቆመ፤ በየ8 ሳምንቱ የወሰዱት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተሰጣቸው ይልቅ ብሰው ተገኙ። መድኃኒቱ ጤነኛውንም ሃንቲንግቲን ይቀንሳል፤ ልኬቱ ደግሞ የሚያሳየው የተበላሸውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎን ለጎን ኒውሮፊላመንት ይለካል። ይህ ከተጎዳ ነርቭ የሚወጣ ፕሮቲን ነው፣ ከደምም ይገኛል፤ ምን እንደጎዳው ግን አይናገርም። በሶድ1 ዘረመል ብልሽት በሚመጣው ኤኤልኤስ፣ ማለትም ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን በሚገድል ሌላ በሽታ ላይ፣ ቶፈርሰን የተባለ መድኃኒት በ28 ሳምንት ሙከራ የሕመምተኞቹን የአቅም መለኪያ በግልጽ አልለወጠም፤ ኒውሮፊላመንቱ ግን ወረደ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2023 በተፋጠነ አሠራር የፈቀደውም በዚሁ መውረድ ላይ ተመሥርቶ ነው።