በመስታወት የተዘጋ በረንዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ በረንዳውን በመስታወት የሚያዘጋ ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ቡና ይጠጡበታል፣ ክረምት ላይ ዝናቡን እያዩ ይቀመጡበታል። ችግሩ የሚመጣው ከተሠራ በኋላ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ጋቢ ደርበውም ይበርዳል። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ክፍል የጀሪካንና የአሮጌ ወንበር ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ብዙው ስህተት የሚመጣው ለሌላ አገር አየር የተሰጠ ምክር እንዳለ ሲወሰድ ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር እንዲህ ዓይነት ክፍል ያለው ሰው የሚጨነቀው ስለ ወቅቶች ነው። እኛ ጋ በወራት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በቀንና በሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ15 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ማታ ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ በረንዳው ዓመቱን ሙሉ እንዲመች ከፈለግን ማሰብ ያለብን ስለ ቀትርና ስለ ምሽት ነው።

«መስታወቱ ወደ ደቡብ ይዙር»

ለለንደን ልክ ነው። እዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ወደ ደቡብ ያልዞረ መስታወት አያገኛትም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነች። በዚያው ሰሞን በቀትር ፀሐይ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች።

ይህ ማለት ቀትር ላይ ዋናውን ሙቀት የሚቀበለው ጣሪያው ነው። ፀሐይ የሚያሳልፍ ጣሪያ አድርጎ ጎን ለጎን ስላሉት መስኮቶች መጨነቅ ዋናውን መርሳት ነው። እኔ የምመክረው ጣሪያው ቢያንስ አብዛኛው ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ኮርኒስ እንዲኖረው ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ይተው። ብርሃኑ ከጎን ይበቃል።

ከጎኖቹ ደግሞ ምሥራቅን የሚያክል የለም። ጠዋት፣ ቤቱ ገና ሌሊቱን እንደበረደው ሳለ ፀሐይ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሆናል። ምዕራብ ግን ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ አየሩ ራሱ ሞቋል፣ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ትገባለች። በረንዳችሁ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከምንም በፊት ጥላ አስቡ።

«ወፍራም መጋረጃ ይበቃል»

የፀሐይ ብርሃን መስታወቱን አልፎ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል። ያ ሙቀት ግን በመጣበት መንገድ መልሶ አይወጣም፤ መስታወቱ ብርሃንን እንጂ እንዲህ ያለውን ሙቀት እንደልብ አያሳልፍም። ቀትር ላይ እጃችሁን በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ብታስገቡ ትረዱታላችሁ። ያ ትኩስ አየር ከላይ እየሾለከ ወደ ክፍሉ ይገባል። ነጭ መጋረጃ ከጥቁሩ ይሻላል፣ የተወሰነውን ብርሃን መልሶ ያወጣል። ዋናው መፍትሔ ግን ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማስቆም ነው። ሸራ፣ የሚጠቀለል የቀርከሃ መጋረጃ፣ ወይም የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት የጥላ መረብ ከውጭ ይሰቀል። ግቢ ካላችሁ ፓሽን ፍሩት ትከሉና በሽቦ ላይ ይውጣ። ቅጠሉም ፍሬውም ይጠቅማል።

«ጥቁር መስታወት ያቀዘቅዛል»

በከፊል። ጥቁር መስታወት ሙቀቱን ራሱ ይመጠዋል፣ ይግላል፣ ከዚያ ከፊሉን ወደ ውስጥ ይለቀዋል። በዳመነው የክረምት ሰማይ ሥር ደግሞ ክፍሉን ያጨልመዋል። የፈለጋችሁት ብርሃን ከነበረ ከስራችኋል።

«ደብል መስታወት ከገባ ችግሩ አለቀ»

ደብል መስታወት ማለት ሁለት ድርብ መስታወት ነው፤ በመካከሉ ያለው አየር የማታውን ቅዝቃዜና የመንገዱን ጩኸት ይቀንሳል። የቀትር ፀሐይን ግን ያሳልፋል። ደግሞ ፍሬሙን አትርሱ። ተራ አሉሚኒየም ከፕላስቲኩ፣ ማለትም ከዩፒቪሲው፣ ወደ ሺህ እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ያስተላልፋል። ውድ መስታወት ገዝቶ በተራ አሉሚኒየም ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው። ባጀቱ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ለጣሪያው፣ ቀጥሎ ለውጭ ጥላው፣ ከዚያ ለሚከፈቱ መስኮቶች ይዋል። ደብል መስታወት ከተረፈ ይደረግ።

«ግድግዳውን አፍርሰን ሳሎኑን እናስፋው»

እባካችሁ አታፍርሱ። ግድግዳው ቤቱን ተሸክሞ ሊሆን ይችላልና ያለ መሐንዲስ መንካት አደገኛ ነው። ባይሸከምም እንኳ ብሎኬቱ ቀን ሙቀት አጠራቅሞ ማታ ይሰጣችኋል። በሩም ያስፈልጋል። ጠዋት በረንዳው ሲሞቅ ትከፍቱታላችሁ፣ ሙቀቱ ወደ ሳሎን ይገባል። ማታ ትዘጉታላችሁ፣ የሳሎኑ ሙቀት በመስታወቱ አያመልጥም።

«መስኮቱ ስላይዲንግ ስለሆነ አየር በደንብ ይገባል»

ባለሁለት ቅጠል ስላይዲንግ (እየተንሸራተተ የሚከፈት) መስኮት ሙሉ በሙሉ ተከፈተ ሲባል የሚከፈተው ግማሹ ነው። ሁሉም መስኮት አንድ ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ ትኩሱ አየር ከኮርኒሱ ሥር ተከማችቶ ይቀራል። አሉሚኒየም ሠሪውን ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ትንንሽ ተከፋች መስኮቶች እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ከታች ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከላይ ትኩሱ ይወጣል፤ ማራገቢያ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የላይኞቹ ላይ የወባ ሽቦ ብታስደርጉ ዝንብ አይገባም።

«ከሰሉ ከቀላ በኋላ አይጎዳም»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሕይወት የሚያጠፋው ይሄ ነው። ማታ ሲበርድ የከሰል ምድጃ ወደተዘጋው በረንዳ ማስገባት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው። ጭሱ አልቆ ከሰሉ ፍም ሲሆን «አሁን ምንም አይል» ይባላል። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ይጣበቃል። ሰውዬው እየተነፈሰ ሰውነቱ ኦክሲጅን ያጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ነው። «ቡናው ነው»፣ «ደክሞኝ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አብረው የተቀመጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጥርጥር አያስፈልግም። ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፣ የታመመው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ዕጣን ሽታ ይለውጣል እንጂ ጋዙን አያጠፋም። በጥሩ ሲሊከን የታሸገ አዲስ በረንዳ ደግሞ ንፋስ ከሚያስገባው አሮጌ ክፍል ይብሳል።

ቡናው አይቅር። በከሰል ከሆነ መስኮቶቹ በሁለት በኩል ክፍት ይሁኑ፣ ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ውጭ ይውጣ። ከተዘጋ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። የኩሽናችሁ መስኮት ወደ በረንዳው የሚከፈት ከሆነም አስቡበት፤ በረንዳውን ስትዘጉ የኩሽናውን አየር እየዘጋችሁ ነው።

«ጠዋት መስታወቱ ላይ ውኃ ካለ እያፈሰሰ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ከእኛ ትንፋሽ፣ ከአትክልቱ፣ በክረምት ደግሞ እዚያው ከተሰጣው ልብስ የወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጤዛ ሆኖ ነው። ጠብታው በሙሉ ገጹ ላይ እኩል ከተበተነ ጤዛ ነው። ከአንድ ጥግ ብቻ ከወረደ ሲሊከኑን አስፈትሹ። ለጤዛው ጠዋት ጠዋት የላይኞቹን መስኮቶች ጥቂት መክፈት ይበቃል። ካልሆነ ጥጋጥጉ ይሻግታል።

«ቴምፐርድ መስታወት ለጣሪያም ይሆናል»

ይህ ጣሪያውን መስታወት ለማድረግ ለቆረጠ ሰው ነው። ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ መስታወት፣ ሲሰበር ብትንትን ብሎ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባን በረዶ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከራስ በላይ የሚሆነው ላሚኔትድ ነው። ቢሰነጠቅም በመካከሉ ያለው ስስ ፕላስቲክ ስባሪውን ይይዘዋል። ፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣሪያ፣ ከመረጣችሁ ደግሞ በገበያ ያለው አብዛኛው ከፀሐይ የሚከላከለው ሽፋን ያለው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው። የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን በተለጠፈበት ስስ ፕላስቲክ ላይ ይጻፋል። ሠራተኞቹ ያንን ፕላስቲክ ከመላጣቸው በፊት ቁማችሁ እዩ። ተገልብጦ ከተገጠመ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃልም።