የመንፈስ ተከታታይ ፊልሞች፦ የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ ተቀምጣችሁ የተከታታይ ፊልም ወሬ ቢነሳ፣ የሙት መንፈስ ያለበት ሁሉ ቶሎ «ተራ ነው» ይባላል። እኔ ይህን ዘውግ እወደዋለሁ፤ ሲናቅም ይከፋኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ሃያሲያን የመንፈስ ፊልም ይንቃሉ»

አይንቁም። በ1993 የጀመረው፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ክስተቶች የሚመረመሩበት «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የጎልደን ግሎብን የምርጥ ድራማ ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል። ፓትሪሺያ አርኬት በ«ሚዲየም» ላይ ሙታንን የምታይ እናት ሆና ተጫውታ በ2005 ኤሚ የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት አሸንፋለች። ሙታን ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት የፈረንሳዩ «ሌ ሬቭናን» ደግሞ በ2013 ዓለም አቀፉን ኤሚ አግኝቷል። ሃያሲው መንፈስ ይኑር አይኑር አይከራከርም። የሚያየው ሌላ ነው፤ ሰዎቹ ይታመናሉ? ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ሕግ ይጠብቃል? ትናንት በግድግዳ ያለፈ መንፈስ ዛሬ በር ተዘግቶበት ከቆመ ምክንያቱ ሊነገረን ይገባል።

«ሮተን ቶሜቶስ ላይ 90 በመቶ ካገኘ፣ ከ10 9 አመጣ ማለት ነው»

ሮተን ቶሜቶስ የሃያሲያንን አስተያየት የሚሰበስብ ድረ ገጽ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ስንት ሃያሲ እንደወደደው እንጂ ምን ያህል እንደወደደው አይናገርም። 100 ሃያሲያን ጽፈው 90ዎቹ «ደህና ነው» ብቻ ቢሉ እንኳ 90 በመቶ ይሆናል። ግማሹ ያበደለት፣ ግማሹ የጠላው ደፋር ሥራ ግን 50 ላይ ይቀራል። የመንፈስ ድራማ ደግሞ ሰው መከፋፈል ይወዳል። ሌላም አለ፤ ብዙ ሂስ የሚጻፈው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ታይተው ነው። መጨረሻው ቢበላሽ ቁጥሩ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ አንድ የወደደና አንድ የጠላ ሰው የጻፉትን አንብቡ።

«ሃያሲ ያልወደደው አይዘልቅም»

ከሙታን መናፍስት ጋር የምትነጋገር ሴት ታሪክ የሆነውን «ጎስት ዊስፐረር»ን ሃያሲያን ብዙም አልወደዱትም ነበር። ሆኖም ከ2005 እስከ 2010 በ5 ሲዝን 107 ክፍል ሄዷል።

«የሚያስፈራው ድንገተኛ ጩኸት ነው»

በ2018 የወጣውን «ዘ ሆንቲንግ ኦፍ ሂል ሃውስ» ያየ ይህን አይልም። 10 ክፍል ነው። አዘጋጁ ማይክ ፍላናገን መናፍስቱን ከበር ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ ደብቋቸዋል። ማንም አይጠቁማችሁም፤ ሙዚቃውም አይጮህም። ስድስተኛው ክፍል በጣት በሚቆጠሩ ረጃጅም ቀረጻዎች የተሠራ ነው። አንድ ቤተሰብ አስከሬን ዙሪያ ተሰብስቦ የቆየ ቂሙን ያወጣል፣ ካሜራው ሳይቋረጥ ይዞራቸዋል። ሃያሲያን አብዝተው ያነሱት የወንድሞቹንና የእህቶቹን ሐዘን ነው። ለቅሶ ቤት አምሽቶ የሚያውቅ ጎንደሬ ይህን ክፍል ለመረዳት አስረጅ አያስፈልገውም። ዘመድ ሲሰበሰብ የተዳፈነ ነገር እንዴት እንደሚነሳ ያውቀዋል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ለእኛ ባዕድ ነው»

ይህን ጎንደር ላይ ሲባል ስሰማ ይገርመኛል። ፈረንሳዊው ጸሐፊና የባህል አጥኚ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ለወራት ተቀምጦ የዛር ሥርዓት ተከታትሏል። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ሥርዓቱን ከቴአትር ጋር አያይዞ ተንትኖታል። እያንዳንዱ ዛር የራሱ ጠባይ፣ የራሱ አነጋገርና የራሱ ፍላጎት አለው። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፤ ልጆቻቸውን እንዲህ ካለው ፊልም የሚከለክሉ እናቶችም ከዚያ ተነስተው ነው። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ ለሕፃን የማይሆን ፊልምም ብዙ ነው። ግን ታሪክን ማየት አንድ ነገር ነው፣ መንፈስን መለማመን ሌላ። የጎንደር ጸሐፊዎች ይህን ርዕስ ለውጭ ሰው ብቻ ባይተዉት ደስ ይለኛል።